በድልድዩ ራስ የተነበበው ደብዳቤ

«ግጥም ወደቀች! ኧረ ግጥም ወደቀች!»

ከሰልፉ ጅራት የተነሣው ጩኸት በሸለቆው ግድግዳ እየተቀባበለ እስከ ፊተኞቹ ፈረሰኞች ደረሰ። ለእንግዳ ጆሮ የሚያስቅ ነገር ነው። የልዑሉን ተጓዥ ቤተ መጻሕፍት ለሚያውቅ ግን ምንም የሚያስቅ የለበትም። አርባ በቅሎዎች ናቸው፤ በየበቅሎዋ ጀርባ ሁለት ሁለት ሣጥን፣ በየሣጥኑ ውስጥ በመጻሕፍት ሹሙ መዝገብ ተራ የተደረደሩ መጻሕፍት። ፊት ፊት የምትሄደው በቅሎ ሕግ ትባላለች። ከእሷ ቀጥሎ ፍልስፍና፣ ከዚያ ሦስቱ የከዋክብት ቆጠራ፣ ከዚያ መድኃኒት፣ ታሪክ፣ መልክዐ ምድር እያለ ይሄድና አርባኛዋ ግጥም ናት። ልዑሉ በዘመቻ መካከል አንድ መጽሐፍ ቢያምራቸው ሰልፉ ሳይቆም ተፈልጎ እንዲወጣላቸው በቅሎዎቹ ተራቸውን ሳይለቁ እንዲሄዱ ተገርተዋል። ነጂዎቹ አንዲት ፊደል አይለዩም። ቢሆንም ማታ ማታ «መድኃኒት ዛሬ አነከሰች»፣ «ታሪክን ውሃ አጠጧት»፣ «ፍልስፍና ደግሞ አልበላም ብላ ዘጋች» ሲባባሉ የሰማቸው ሰው ሊቃውንት ጉባኤ መካከል የገባ ይመስለዋል።

መርፌ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ኋላ ሮጠች። መርፌ እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። ጣቶቿ ቀጫጭን፣ አንደበቷም አልፎ አልፎ የሚወጋ ስለሆነ ነጂዎቹ ናቸው ያወጡላት። የቤተ መጻሕፍቱ ጠራዥ ናት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ሞተችና አጎቷ የመጻሕፍት ሹሙ እጇን ይዘው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አመጧት። ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው፤ ቆዳ መፋቅ፣ ክር በሰም ማሸት፣ ጥራዝ መስፋት ያስተማሯት እሳቸው። አሁን ሠላሳ ዓመት ሞላት፤ ከዚህ ሁሉ ጭነት ውስጥ የእሷ ወስፌ ያልነካው መጽሐፍ በጣት የሚቆጠር ነው።

ጠላት ከተማውን ሊይዝ ሦስት ቀን ሲቀረው ልዑሉ ጦራቸውን ይዘው ከተራሮቹ ማዶ አፈገፈጉ። መጻሕፍቱ እንዲከተሏቸው ታዘዘ። ሹሙ «እኔ አዳራሾቹን ዘግቼ እደርሳለሁ፤ አንቺ ቅደሚ፣ ጭነቱን ከአንቺ በቀር ለማን አምናለሁ?» ብለው ግንባሯን ስመው ሸኟት። ጉዞ ከጀመሩ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

ግጥም እግሯ አልተሰበረም። ከመንገዱ ጠርዝ ሁለት ክንድ ዝቅ ብሎ ባለ ድንጋይ ላይ ተንበርክካ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ታንኮራፋለች። የነጂዎቹ አለቃ ቀድሞ ደርሶ አንገቷን አቅፎ ያባብላታል። አለንጋ ነው የሚሉት፤ በሠላሳ ዓመት የነጂነት ዕድሜው በቅሎ ገርፎ አያውቅም፤ ስሙን ያገኘው ከቅጥነቱና ከርዝመቱ ነው። ሁለቱ ልጆቹም ከአሥራ አንዱ ነጂዎች መካከል ናቸው፤ ሁለቱም ሚስት ያገቡ፣ ሁለቱም እንደ አባታቸው ረጃጅም።

«እሷስ ደህና ናት፤ ሣጥኑን እዪው» አላት።

ሣጥኑ ጎኑ ተሰንጥቆ ቀይ ቆዳ የለበሰ አንድ መጽሐፍ ተወርውሯል። መርፌ አወቀችው። ጠርዙ ላይ የወይን ሐረግ አትማበት፣ ሐረጉ መሃል ላይ ስለተጣመመባት ሳምንት ሙሉ የተናደደችበት ሽፋን ነው። አቧራውን በእጅጌዋ ጠርጋ ልትከፍተው ስትል ከበዳት። ከፈተችው። ውስጡ ያልተላገ ጣውላ ነበር።

ሌላ አወጣች። ጣውላ። ከላይ የተደረደሩትን ስትጨርስ ከሥራቸው በጆንያ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር አገኘች። ፈታችው።

«ምንድን ነው?» አለ አለንጋ።

«ጡብ።»

«ጡብ መሆኑንማ አየሁ። መጽሐፉ የታለ?»

መርፌ ቀና ብላ አየችው። «እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ። ጭነቱ ሁለት ሌሊት እናንተ ዘንድ ነው ያደረው።»

የሽማግሌው ፊት ጠቆረ። «እኔን ነው ሌባ የምትይኝ? መጽሐፍ ሰርቄ ምን ላደርገው ነው፣ ቀቅዬ ልበላው?»

«አልኩ እንዴ?»

«ፊትሽ ብሏል።»

መርፌ ሽፋኑን ገልብጣ የውስጡን ስፌት እያየች ነበር። ክሩ ከላይ እስከ ታች በአንድ ምት ተቆርጧል፤ ቆዳው ላይ ግን የፀጉር ያህል ጭረት የለም። ሌባ እንደዚህ አይቆርጥም። ሌባ ይገነጥላል። ሽፋን ሳይጎዳ የመጽሐፍን ገላ እንዲህ ማውጣት የሚችል ሰው እሷ እስከምታውቀው ሁለት ብቻ ነው። አንዷ እሷ ናት። ሌላኛውን ልቧ ሊጠራው አልፈለገም።

«ሌላ እንክፈት» አለች።

ከመድኃኒት አንድ ሣጥን አወረዱ። ጡብ። ከታሪክ አወረዱ። ጡብ። አለንጋ ግራ ተጋብቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «እኔኮ በዚህ ጉዞ ጀርባቸው ቶሎ ለምን ተላጠ እያልኩ ነበር» አለ ለራሱ፤ ለበቅሎዎቹ እያዘነ።

ያን ጊዜ መርፌ ትዝ አላት። ከጉዞው በፊት አጎቷ ቆዳ እንድትመርጥ ብለው ስምንት ቀን ወደ ቆዳ ፋቂዎቹ መንደር ልከዋት ነበር። ስትመለስ ሰማንያውም ሣጥን ተቸንክሯል። «ድካሙን ላቀልልሽ ብዬ ነው» ብለዋታል፤ በሰባ ዓመታቸው መዶሻ ይዘው፣ አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው። እሷም አዝናላቸው ጣታቸውን ቅባት ቀብታላቸዋለች።

«ጋሼ አያውቁም» አለች ጮክ ብላ። «ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነው የሠራው። ቢያውቁ ያብዳሉ። ፊታችን ካለው ድልድይ እስክንደርስ ለማንም አይናገሩ፤ ከዚያ ፈረስ ለምኜ እመለስና እነግራቸዋለሁ።»

አለንጋ ለረጅም ጊዜ አያት።  ሣጥኑን በገመድ ጠፍረው ግጥምን አስነሡና ሰልፉ ቀጠለ።

*

ድልድዩ ጋ የደረሱት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። አንድ ቅስት ያለው አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ ከማዶው መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ሰፊና ገላጣ ሆኖ በሜዳው ይዘረጋል፤ ሌላው ጠቦ ጫካ ውስጥ ይገባል።

የአጃቢዎቹ አዛዥ የሃምሳ አለቃ ከፈረሱ ወርዶ ይጠብቃታል። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ነገር ሲገባው ቀስ ብሎ ከገባው በኋላ ግን የማይለቅ ሰው ነው። ሠላሳ ፈረሰኞች ከኋላው ተሰልፈዋል። ከደረቱ ሥር በቀይ ሰም የታሸገ ደብዳቤ አወጣ።

«ከከተማ ስንወጣ ሹሙ በእጄ የሰጡኝ ነው። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ክፈተው ብለውኛል። ጸሐፊዬ እንደምታውቂው ትናንት ትኩሳት ጥሎት እንግዳ ማረፊያው ቀርቷል። እዚህ ካለነው ፊደል የምታውቂው አንቺ ነሽ። እስቲ አንብቢልኝ።»

ማኅተሙን እሱ ራሱ ሰበረ። የልዑሉ ማኅተም ነው። ጽሑፉ ግን የአጎቷ እጅ ነበር፤ ፊደል ያስቆጠሯት ያው ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ሹል እጅ። መርፌ መጀመሪያ በልቧ አነበበችው።

«ይድረስ ለሃምሳ አለቃ። ከድልድዩ እንደተሻገርህ ፈረሰኞችህን ይዘህ በጫካው መንገድ ወደ ወንዙ መሻገሪያ ና፤ እውነተኛውን ጭነት ይዤ እዚያ እጠብቅሃለሁ። በቅሎዎቹና ነጂዎቹ ሰንደቅ አንሥተው፣ ከበሮ እየመቱ በሰፊው መንገድ ይቀጥሉ። ጠላት ወሬ ደርሶታልና እነርሱን ይከተላል፤ እነርሱን እስኪጨርስ እኛ እንሻገራለን። ለነጂዎቹም ለጠራዧም አንዳች እንዳትነግር። ጠራዧ ከጭነቱ ጋር መታየት ይኖርባታል። እርሷ ካለች መጻሕፍቱ እዚያ መሆናቸውን የማያምን የለም።»

እነርሱን እስኪጨርስ። አጎቷ ቃል ሲመርጡ ቀን የሚፈጅባቸው ሰው ናቸው። ይህቺንም መርጠዋታል።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ የሃምሳ አለቃው።

መርፌ ከጀርባዋ አለንጋ ለበቅሎዎቹ ውሃ ሲቀዳ፣ አንደኛው ልጁ ሌላውን ሲያበሽቅ፣ ሲሳሳቁ ትሰማለች። ቤተ መጻሕፍቱ ስትገባ ቀኝ እጇን መዝገቡ ላይ አስጭነው ያስማሏት መሐላ ነበር፤ ከተጻፈው አልቀንስም፣ በተጻፈው ላይ አልጨምርም የሚል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ነጥብ አላጎደለችም።

«ጽሑፉ ደቃቃ ሆኖብኝ ነው» አለችና ድምፅ አውጥታ ጀመረች። «ይድረስ ለሃምሳ አለቃ። ከድልድዩ እንደተሻገርህ በቅሎዎቹን ከነጭነታቸው በሰፊው መንገድ ልቀቃቸው፤ ተራቸውን ስለሚያውቁ ብቻቸውን ይሄዳሉ። ሰንደቁ በፊተኛይቱ ላይ ይታሰር። ነጂዎቹንና ጠራዧን ከፈረሰኞችህ ጋር አፈናጥጠህ በጫካው መንገድ ወደ ወንዙ መሻገሪያ ና። እዚያ እጠብቅሃለሁ።»

የሃምሳ አለቃው ፂሙን አሻሸ። «ሹሙ መጻሕፍታቸውን ሜዳ ላይ ልቀቅ አሉ?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ድገሚው።»

ደገመችው። አንድ ቃል አላዛነፈችም። ድምፅዋ እንደ ዳዊት ደጋሚ ድምፅ ረጋ ያለ ነበር። ሰውየው የተሰበረውን ሰም ገጥሞ ማኅተሙን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ በመጨረሻ እሷን አየ።

«አንቺ ለእነዚህ መጻሕፍት እንዴት እንደምትሆኚ ሁሉ ያውቃል» አለ። «አንቺ ካነበብሽው ምን እላለሁ። ትእዛዝ ነው።»

*

በቅሎዎቹን መልቀቅ ቀላል አልነበረም። ነጂዎቹ አሻፈረኝ አሉ። አንዱ «መድኃኒትን ለጅብ? ሞቼ!» ብሎ ልጓሟን ይዞ ቆመ። አለንጋ ነው ሁሉንም ዝም ያሰኘ። ሕግን አንገቷ ሥር አከካት፣ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገራትና ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልፉ ያለ እሱ ሄደ። ፍልስፍና ተከተለች፣ ከዋክብቱ ተከተሉ፤ ግጥም እያነከሰች ከሁሉ ኋላ።

ጫካው ውስጥ መርፌና ሽማግሌው በአንድ ፈረስ ተፈናጥጠው ይሄዱ ነበር። ሁሉንም ነገረችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከደብዳቤው ቃል በቃል።

 «ዓምና ሹሙን ሳንባቸውን ሲያማቸው» አለ አለንጋ፣ «በዚያ ዝናብ በጀርባዬ አዝዬ ነው ሐኪም ዘንድ ያደረስኳቸው። ሲድኑ፣ አንተ ባትኖር ሞቼ ነበር ብለው አለቀሱ።» ከዚያ «ልጆቼንም?» አለ። 

ኮረብታው ወገብ ላይ ጫካው ሳሳ ሲል ሜዳው ከታች ተገለጠ። ሰልፉ በሰፊው መንገድ ላይ እንደ ጉንዳን መስመር ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሰንደቁ ይውለበለባል። ከኋላው አቧራ። አቧራው ሁለት መቶ የሚሆኑ ፈረሰኞች ሆነ። ሳይጮኹ፣ ቁሙ ሳይሉ፣ ጦራቸውን አጋድመው በሰልፉ ላይ ሄዱበት። ሰው መኖር አለመኖሩን ያዩት ከወጉ በኋላ ነው። ፊተኛይቱ በቅሎ ስትወድቅ ከዚያ ሁሉ ርቀት ታየ።

የሃምሳ አለቃው ፈረሱን አቁሞ ቁልቁል ያያል። ነጂዎቹ ሁሉ ቆመው ያያሉ። አሥራ አንዱም እዚያ ይሆኑ ነበር፤ አሥራ ሁለተኛዋም እሷ። 

«ሹሙ አርቀው የሚያዩ ሰው ናቸው» አለ የሃምሳ አለቃው በአድናቆት። «ሰዎቹን ይዘህ ና ያሉት ይህን ገምተው ኖሯል።»

 ከታች ፈረሰኞቹ ሣጥን መስበር ጀምረው ነበር።

*

ወንዙ መሻገሪያ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ትልቅ ጀልባ በገመድ ታስሮ ይወዛወዛል። ከዳር በአቋራጭ የመጡ አራት የበሬ ጋሪዎች ባዷቸውን ቆመዋል። ብዙው ጭነት ቀድሞ ተሻግሯል፤ ማዶ ሁለት ጸሐፊዎች ሲደረድሩት ይታያል። ወዲህ የቀሩት ሃያ የሚሆኑ ሣጥኖች ናቸው፤ ስምንቱ ጀልባው ላይ፣ ሌሎቹ ጭቃው ላይ በሳንቃ ተነጥፎላቸው። መጻሕፍቱ ሽፋን የላቸውም። በሰም በተነከረ ጨርቅ ተጠቅልለው እንደ ተገነዘ ሬሳ ተደርድረዋል።

ሹሙ በመዝገባቸው ላይ ጎንበስ ብለው ምልክት ያደርጋሉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው በፈረሰኞቹ ላይ አለፈና ከመርፌ ላይ ቆመ። መነጽራቸውን አወለቁ። መልሰው አደረጉ።

«የተከተላችሁ አለ?» አሉ።

በሕይወት አለሽ ወይ አላሉም። መርፌ ከፈረሱ ወረደች።

«በቅሎዎቹን ያዙ» አለች። «ሣጥኑን እየሰበሩ ነበር።»

«አሁን? ከወዲሁ?» ሹሙ ወደ ጀልባው ዞሩ። «ጡብ መሆኑን ካወቁ ይመለሳሉ! ፍጠኑ፣ ጫኑ! ሰልፉ እስከ ምሽት ሊያዘገያቸው ይገባ ነበር፤ ነጂዎቹ ከበሮውን እየመቱ…» የጀመሩትን አልጨረሱም። አለንጋና ልጆቹ ከፊታቸው ቆመው ነበር።

«ከበሮ መቺዎቹ እኛ ነን ጌታዬ» አለ አለንጋ።

«ጠራዧ መታየት አለባት ብለው ለምን ጻፉ?» አለች መርፌ። «ሌላውን ይተዉት። እኔን ለምን?»

ሹሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አዩዋት። ዓይናቸው ቀልቷል። «የጠላት ሰላዮች ከተማ ውስጥ ነበሩ። አንቺ ሳትኖሪ ሰልፉን ብልክ ማን ያምነኛል? እንደምወድሽ አገር ያውቃል፤ መርፌን ለሞት ይልካል ብሎ የሚጠረጥር የለም። ለዚህ ነው።»

«ስለሚወዱኝ ነው?»

«በዓለም ላይ ሁለተኛ ቅጂ የሌላቸው ሰባ መጻሕፍት ናቸው እዚህ ያሉት! አራት መቶ ዓመት የተለቀመ ነው። አንቺም እኔም አንድ ቀን እንሞታለን፤ እነሱ ከጠፉ ግን ዳግመኛ አይጻፉም። ሌሊቱን ሙሉ አልቅሻለሁ ልጄ። እመኚኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ።»

«አልቅሰህ ስትጨርስ ላክኸኝ» አለችው።

አንተ ብላው አታውቅም ነበር። ሹሙ በጥፊ የተመታ ያህል ራሱን ወደ ኋላ ሳበ።

የሃምሳ አለቃው ይህን ሁሉ ጊዜ አንዱን ከአንዱ እያየ ቆሞ ነበር። ነገሩ ቀስ ብሎ እየገባው መሆኑ ከግንባሩ ይታያል። «ምን ከበሮ ነው?» አለ። «ደብዳቤው ሰዎቹን ይዘህ ና ነው የሚለው።»

«እንዲያ ብዬ አልጻፍኩም» አለ ሹሙ።

«አልጻፈም» አለች መርፌ። «ፈረሰኞቹን ይዘህ ና፤ ሌሎቹን ተዋቸው ነው የሚለው። እኔ ነኝ ያጣመምኩት።»

ሰውየው አላመናትም፤ ከዚያ አመናት። ፊቱ ላይ የወረደው ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን በቀለላት። ድገሚው ብሎ ሁለት ጊዜ የሰማውን ቃል በልቡ መልሶ እየሰማ ነበር። ከኋላ አንድ ፈረሰኛ ከጫካው በኩል አቧራ ታየኝ ብሎ ጮኸ።

ሹሙ የሃምሳ አለቃውን ክንድ ያዘ። «ጀልባው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚመላለሰው። መጀመሪያ ሣጥኖቹ! የልዑሉ ማኅተም ያለበት ትእዛዝ አለህ!»

«ትእዛዙን ማንበብ አልችልም» አለ የሃምሳ አለቃው፤ ክንዱን ቀስ አድርጎ አስለቀቀ። «የሰማሁት ሰዎቹን አሻግር የሚል ነው። በጆሮዬ የሰማሁትን እፈጽማለሁ። አውርዱ ሣጥኑን!»

የአለንጋ ልጆች ከጀልባው ላይ ስምንቱንም ሣጥን ወደ ጭቃው መለሱ። ዋና የማያውቁት ነጂዎች ተሳፈሩ። ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን ወንዙ ውስጥ ነዱ። መርፌ ጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አጎቷ ብቻውን ሣጥን ሲጎትት፣ ሲወድቅ፣ ተነሥቶ እንደገና ሲጎትት እያየች ተሻገረች። ቀዛፊዎቹ ተመለሱለት። አሥራ አምስት ሣጥን እንደጫኑ ከጫካው የመጀመሪያዎቹ የጠላት ጋላቢዎች ወጡ፤ ቀዛፊዎቹም ገመዱን ቆርጠው ሹሙን ይዘው ተሻገሩ። አምስት ሣጥን ዳር ላይ ቀረ። የትኞቹ እንደሆኑ ለመርፌ የሚነግራት አላስፈለገም፤ ከሳንቃው ላይ ያለውን ተራ አይታ ነበር። ሁለቱ የከዋክብት ቆጠራ ናቸው። አንደኛውን ስትሰፋ ክረምቱን ሙሉ ፈጅታበታለች። ማዶ በሰይፍ የተከፈተው ሣጥን ይኸው መጽሐፍ ያለበት ነበር። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ውሃው ላይ ሲበተኑ እንደ እሷ ያየ፣ እንደ እሷም ያመመው፣ በቆሙበት ዳር አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሄዳ አጠገቡ አልቆመችም።

እሱ ነው የመጣው። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነክቶታል።

«ሽፋን የላቸውም» አለ። «ይበታተናሉ። ያለ አንቺ እጅ ክረምቱን አያልፉም። በእኔ ተቆጪ፤ እነሱ ምን አደረጉሽ?»

«ምንም።»

«እንግዲያስ ነይ።»

«እኔ ከነጂዎቹ ጋር ነው የምሄደው» አለች። «ከጡቡ ጋር ከላክኸን ከእኛው ጋር።»

 ሹሙ መነጽሩን በእርጥብ እጅጌው ጠርጎ ጸሐፊዎቹ ወዳሉበት አዘገመ።

የሃምሳ አለቃው ፈረሱን ሲያደርቅ ደርሳ ከፊቱ ቆመች።

«አንቺም አታለልሽኝ» አላት ቀና ሳይል።

«አዎ።»

«እውነቱን ብትነግሪኝስ?»

«ትተውን ይሄዱ ነበር።»

አሰበበት። «እንጃ» አለ። «ምናልባት። ምናልባትም አልሄድም። አሁን እኔም አላውቀው፣ አንቺም አታውቂው።» የፈረሱን አንገት ማሸቱን ቀጠለ። «ሰው ለማዳን ብለሽ ነው፤ ይገባኛል። እሱም መጽሐፍ ለማዳን ብሎ ነው። መሃል ላይ ቆሜ ያነበባችሁልኝን ያመንኩት እኔ ነኝ።»

መርፌ ከጸሐፊዎቹ ብዕርና ወረቀት ለምና ሣጥን ላይ ተደግፋ ጻፈች። የሃምሳ አለቃው የተነበበለትን እንደፈጸመ፣ ትእዛዙን ያጣመመች ጠራዧ ብቻ እንደሆነች፣ ለጠፉት አምስት ሣጥኖችም የምትጠየቀው እሷ እንደሆነች። ከሥሩ መርፌ ብላ ሳይሆን እናቷ ያወጣችላትን ስም ፈረመች። ወረቀቱ ሲደርቅ ሰጠችው።

«ልዑሉ ፊት ሲቀርቡ ይስጧቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል።»

ተቀብሎ ገለባበጠው። የማያውቀውን ሰው ፊት እንደሚያጠና አጠናው።

«ምን ብለሽ እንደጻፍሽ በምን አውቃለሁ?»

መርፌ ወደ ጸሐፊዎቹ አመለከተች። አየና ራሱን ነቀነቀ። «እነሱ የእሱ ሰዎች ናቸው። ፊደል ለመለየት ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ለጎበዝ ሰው ሁለት ወር።»

«የልዑሉ ሰፈር ስምንት ቀን ነው።»

ወረቀቱን በአራት አጥፎ ከደረቱ ሥር፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ በነበረበት ቦታ ከተተው። ፈረሱ ላይ ወጣ። ፈረሰኞቹ ከኋላው ተሰልፈው የዳገቱን መንገድ ያዙ። ስምንት ቀን ሙሉ ታቅፎት የሚሄደው መዳኛው ይሁን መጥፊያው የምታውቀው መርፌ ብቻ ነበረች፤ ሮጣ ደርሳ ብትምልለትም የሚያምናት አልነበረም።